እሳት ልጫር

የጓድ ኃይለየሱስን ቤት ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር። ግቢው ድሮ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር ይባላል። ቤቶች ሲወረሱ ቀበሌው ትልቁን ሳሎን መሐል ለመሐል ከፍሎ ግማሹን ለእናቴና ለእኔ አከራየን፤ ግማሹን ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ለእሱና ለሚስቱ ለአልጋነሽ ሰጣቸው። ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ረሂማ ከልጆቿ ጋር፣ እትዬ አስካለ ደግሞ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ ቁልቁል ሲወርዱ ያለው ነው፤ እሪ በከንቱ ይባላል። ስሙን ያወጡት ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ኮምፔርሳቶ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ጓድ ኃይለየሱስ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ስለነበር ሌሊቱን ዘብ አድሮ ጠዋት ይገባል። ከስክስ ጫማውን አንድ በአንድ አውልቆ ሲጥል እሰማለሁ። ጠመንጃውን ሚስማር ላይ ሲሰቅል እሰማለሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ ይነቃል፤ እንቅልፍ ሳይጠግብ የነቃ እንደሆነ አልጋነሽን መጠየቅ ይጀምራል። ውኃው ለምን ቀዘቀዘ፣ ጠዋት ከማን ጋር ስታወሪ ነበር፣ ይህ ብርጭቆ ለምን እዚህ ተቀመጠ። መጀመሪያ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ከፍ ይላል። ከዚያ የቀበቶው ብረት ይንኳኳል።

እንዲህ በሆነ ቁጥር እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ ታደርጋለች። ተነሥ ማለቷ አይደለም፤ አትነሣ ማለቷ ነው። ታላቅ ወንድሜ ገብረትንሣኤ ከአራት ዓመት በፊት በር ሲንኳኳ ሊከፍት ተነሥቶ ነው እንደተወሰደ የቀረው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የሰው በር ማንኳኳትም ሆነ የራስን በር መክፈት ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የምሠራው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ጽሑፌ ስለሚነበብና ስም ስለማልሳሳት ተቀጠርኩ። ካርዱ ላይ «የጉዳቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። እኔ በመስኮቱ እጠይቃለሁ፤ ሴቶቹ ወድቄ ነው፣ በር መትቶኝ ነው፣ እንጨት ስፈልጥ ነው ይላሉ፤ ያሉትን እጽፋለሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ አልጋነሽ ክንዷን በነጠላዋ አንጠልጥላ መጣች። በዚያ ዓመት ስትመጣ ሦስተኛዋ ነበር። ባየችኝ ጊዜ ልትመለስ ፈለገች፤ ሌላ መስኮት ግን አልነበረም።

«ወድቄ ነው ብለህ ጻፍ» አለችኝ።

ወድቃ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከትናንት በስቲያ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስትወድቅ በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። እሷም መስማቴን ታውቃለች። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ካርዱን በመስኮቱ ተቀባበልን።

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዘርፌ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። በዚያው ሳምንት ከሥራ መውጫ ላይ ጠሩኝና የስድስት ወር ካርዶች እንዳወጣ አዘዙኝ። የተሰበረ፣ የተፈነከተ፣ ያበጠ ያለበትን ሁሉ ለይተን ጠረጴዛው ላይ ደረደርነው። አርባ ሦስት ካርድ ሆነ። በቤት ቁጥር እንዳሰባስበው ነገሩኝ። ስጨርስ ሃያ ስምንቱ የመጡት ከዐሥራ አንድ ቤት ብቻ ነበር። አንዱ ቤት ከቤታችን አጠገብ ያለው ነው።

ሲስተር ዘርፌ ካርዶቹን ቆመው አዩ፤ ከዚያ ተቀመጡ።

«ዘበነ፣ ተስቦ ሲነሣ ምን እናደርጋለን?» አሉኝ።

ቤት ለቤት ሄደን ልብስ እንቀቅላለን፣ መድኃኒት እንረጫለን አልኩ።

«በሽተኛው እስኪመጣ ለምን አንጠብቅም?»

እስኪመጣ ሌላው ይያዛል አልኩ።

«ይህም እንደዚያው ነው። ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ልጆቹ ሲያዩ ይይዛቸዋል። እኛ ግን ክንድ እየጠገንን ወደ መጣበት እንመልሳለን» አሉ። ካርዶቹን ሰብስበው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉ። ስለዚህ ነገር ለማንም እንዳልናገር አላስጠነቀቁኝም። የቤት ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ይዞ መገኘት በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሁሉ በፊት ያነጋገሩት አልጋነሽን ነው። እሷ ካልፈለገች ምንም እንደማያደርጉ ነገሯት። ክንዷ የታሰረበትን ጨርቅ ሊቀይሩላት ስትመጣ ነበር፤ እኔ ካርዱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አልጋነሽ መክሰሱን አስቀድማ አስባበታለች። ክሱ ወዴት ይሄዳል? የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሲቀመጥ በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚቆመው እሱ ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስታርቀዋቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እርቁ ሦስት ቀን አልቆየም።

«የምትመጡ ከሆነ ሳይመታኝ ኑ» አለች በመጨረሻ። «ከመታኝ በኋላ ስትመጡ አፍራለሁ።»

ሐሙስ የሕፃናት ክትባት ቀን ነው። ሰው ሦስት ሆኖ ከቆመ ምን ስትመክሩ ነበር በሚባልበት ጊዜ፣ እናቶች ተሰብስበው ቢቀመጡ ማንም የማይጠይቀው ክትባት ክፍል ብቻ ነበር። ረሂማ ጡት የሚጠባውን ልጇን ይዛ መጣች። እትዬ አስካለ በስድሳ ዓመታቸው የረሂማን ሁለተኛ ልጅ አዝለው መጡ። እናቴ የሚታቀፍ ልጅ ስላልነበራት የእኔን ምሳ ያመጣች መሰለች። ሲስተር ዘርፌ መርፌውን እያዘጋጁ የአልጋነሽን በር ለማንኳኳት ሰበብ የሚሆን፣ ለጎረቤት የማይከለከል ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ውኃ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ውኃማ ቧንቧው ሲዘጋ ይከለከላል» አለች ረሂማ። አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ምላሷ የማይያዝ ሴት ናት።

እናቴ ቀስ ብላ፣ «እሳት» አለች። «እሳት ልጫር ብሎ የመጣ ጎረቤት አይመለስም።»

በዚያው ተስማሙ። ሲስተር ዘርፌ አደራ ያሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ድምፁ ከፍ ማለት ሲጀምር ወዲያው አንዷ ፍም መያዣ የሸክላ ገል ይዛ ትሄዳለች፤ እሷ ስትወጣ ሌላዋ ትተካለች። ሁለተኛው፣ ማንም አማላጅ እንዳትሆን ነው። «ይቅር በላት አትበሉት» አሏቸው። «ይቅር በላት ያላችሁ ዕለት ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብላችሁ ፈረዳችሁ ማለት ነው። እሳታችሁን ብቻ ጠይቁ።» ከክትባት ክፍሉ ኋላ አንድ አልጋ የምታስገባ ጠባብ ክፍል ነበረች። አንሶላ አነጠፉባት፤ ሳሙናና ፎጣ አስቀመጡባት። እዚያ ለምትተኛ ሴት የቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ እንዳልጠይቅ አዘዙኝ።

መጀመሪያ የሄደችው ረሂማ ናት። ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። የእሱ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ ተቋረጠ። ረሂማ እሳት ጫረች፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች፤ ልጇን እንዴት እንዳሳለው አወራች፤ እሳቱ ገሉ ላይ አመድ ሊሆን ሲደርስ ወጣች። እሷ ከመውጣቷ እትዬ አስካለ እያነከሱ ደረሱ። እሱ ልብሱን ለብሶ ወጥቶ ሄደ። እናቴ እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሣች።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንዳንድ ቀን አልሠራም፤ ድምፁ ሳይቀድም እጁ የሚቀድምበት ቀን ነበረ። ብዙውን ጊዜ ግን ሠራ። በእነዚያ ሁለት ወራት አልጋነሽ በመስኮቴ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ መጣች፤ እሱም ለጥርስ ሕመም ነው። እሱ ግን ጅል አልነበረም። አንድ ቀን ረሂማን ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ የእናንተ ቤት እሳት አያድርም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ቀበሌ ከሰል ሲያድለን ያድራል፣ ጓድ» አለችው።

እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። እኔ አልሳቅሁም። በኮምፔርሳቶው ቀዳዳ ፊቱን አይቼው ነበር።

የካቲት ሃያ ዘጠኝ የሴቶች ቀን ነው። ከቀበሌው አንድም ሴት እንዳትቀር፣ የቀረች ስሟ እንደሚያዝ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰነበተ። ጠዋት እናቴ፣ እትዬ አስካለና ረሂማ ነጭ ለብሰው ወደ አብዮት አደባባይ ሊሄዱ ግቢው በር ላይ ቆሙ። የአልጋነሽ በር አልተከፈተም። ጓድ ኃይለየሱስ ሚስቴ አሟታል ብሎ ለቀበሌው ሊቀ መንበር አስቀድሞ አስፈቅዶ ነበር።

«እኛ ለሴቶች መብት ጮኸን እስክንመለስ አንተ ግቢውን ጠብቅ» አለችኝ ረሂማ እየሳቀች።

እናቴ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምሳህን እንደበላህ ቶሎ ወደ ሥራህ ውጣ፤ እዚህ አትቆይ» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባሁ። ግቢው ፀጥ ብሏል። የረሂማን ልጆች እንኳ አክስታቸው ወስዳቸዋለች። ሽሮዬን ከፈትኩ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ከወዲያ በኩል አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ነቃ። ሰባት ሰዓት አልሞላም።

መጠየቅ ጀመረ። ሴቶቹ ለምን እንደሚመጡ ጠየቃት። ማን እንደሚልካቸው ጠየቃት። አልጋነሽ እሳት ሊጭሩ ነው አለች። ማን እንደሚልካቸው ደግሞ ጠየቃት። ድምፁ አሁን ከፍ ብሏል። ገል ይዛ የምትነሣ ሴት ግን በግቢው ውስጥ አልነበረችም። የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እሳት የሚጭር ወንድ አይቼ አላውቅም። ሚስት የሌለው ወንድ እንኳ የጎረቤት ልጅ ይልካል እንጂ ራሱ ገል ይዞ የሰው ደጅ አይቆምም። እኔ ብሄድ ለምን እንደሄድኩ በሩን ሳይከፍት ያውቃል። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ይሉኛል። ሲስተር ዘርፌ ጋ ለመድረስ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመመለስ ሌላ ዐሥር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቁጭ ብዬ ነው። እናቴ ምሳህን በልተህ ውጣ ብላኛለች፤ ብወጣ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። እግሬ ግን ወደ በሩም ወደ ሌላውም አልሄደም።

ከዚያ ከወዲያ በኩል ፀጥ አለ። ቀበቶ አልተንኳኳም። ፀጥታው ውስጥ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩትም። ራሴን ያገኘሁት በሩን ሳንኳኳ ነው።

«ማነው?»

«ዘበነ ነኝ።»

«ምን ፈለግህ?»

«እሳት ልጫር ብዬ ነበር» አልኩ።

በሩ ሲከፈት ባዶ እግሩን ነበር፤ ሸሚዙ አልተቆለፈም። ጠመንጃው በግራ እጁ ነው፤ አፈ ሙዙ ወደ መሬት ያያል። ከኋላው አልጋነሽ አልጋውና ግድግዳው መሐል ተጠግታ ቆማለች። አልደማችም። ፊቷ ግን የሷ አይመስልም ነበር።

«አንተ ነህ እሳት የምትጭረው?»

እናቴ ሰልፍ ሄዳለች አልኩት።

«ገሉስ?»

እጆቼን አየሁ። ባዶ ናቸው። ገሉ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ቀርቷል። ሁለት ወር ሙሉ ሴቶቹ አንድ ቀን ያልረሱትን እኔ በመጀመሪያው ቀን ረሳሁት።

«በምን ልትወስደው ነው? በኪስህ?» አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ላይ አልደረሰም። «ሁለት ወር ሙሉ ደጄ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ሴቶቹ ቢሄዱ አንተን ተኩ። ጅል መሰልኳችሁ?»

አይደለም አልኩ።

«ግባ እንጂ። ጎረቤት እሳት አይከለከልም።»

ገባሁ። በሩን አልዘጋሁትም። ከሰሉ ማንደጃው ውስጥ ቀልቷል። እሱ ጎንበስ ሊል ሲል ጠመንጃው አስቸገረው፤ ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ጉጠቱን አነሣ። ደህና አድርጎ መረጠ። የእንቁላል ያህል የምትሆን ፍም አወጣ።

«እጅህን ዘርጋ» አለኝ።

ቀኙ የምጽፍበት ስለሆነ ግራዬን ዘረጋሁ።

መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት መጀመሪያ የቀዘቀዘች መስላኝ ነበር። ከዚያ እስከ ብብቴ ድረስ ገባች። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ የሰው ፊት ትክ ብዬ አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም፤ እሱም የእኔን ትቶ ወደ ሌላ እንዲያይ አልፈለግሁም። ከኋላው አልጋነሽ ስትንቀሳቀስ ተሰማኝ። ባዶ እግሯን ስለነበረች ወለሉ አልጮኸም። ፍሟን ያልጣልኩት ጀግና ሆኜ አይደለም። ብጥላት ጎንበስ ይላል፣ ጎንበስ ካለ ዞር ይላል ብዬ ፈራሁ።

ስንት ጊዜ እንደያዝኳት አላውቅም። ቆዳው ሲሸት እሱ ራሱ ፊቱን አጨማደደና እጄን በጉጠቱ መታው። ፍሟ ወለሉ ላይ ወድቃ ተሰበረች። ያኔ ዞረ።

በሩ እንደተከፈተ ነው። አልጋነሽ የለችም።

ወደ ግቢው ወጥቶ ተመለሰ። ጠመንጃውን አነሣ። «የት ሄደች?» አለኝ።

«አላየኋትም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

አፈ ሙዙ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ስለ እናቴ አሰብኩ፤ ሁለተኛ ልጇን እዚህ ወለል ላይ ስታገኘው። ከዚያ እሱ እግሩን አየ። ባዶ እግሩን በአደባባይ ሚስቱን የሚያባርር አብዮት ጥበቃ መሆን ከበደው መሰለኝ፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከስክሱን ማጥለቅ ጀመረ። የከስክስ ማሰሪያ ረጅም ነው። ሁለተኛውን እግር ሳይጨርስ ከግቢው ወጣሁ።

አልሮጥኩም። ወጣት ሲሮጥ የሚያስቆመው ብዙ ነው። እጄን ኮቴ ውስጥ ደብቄ አቀበቱን ወጣሁ።

ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ሠራተኞች ሁሉ ሰልፍ ናቸው፤ ተረኛ ሆነው የቀሩት ሲስተር ዘርፌ ብቻ ናቸው። አልጋነሽ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። ጠባቧ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿ በሳሙና ውኃ ውስጥ ናቸው። ሲስተር ዘርፌ እጄን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ቧንቧ ሥር ያዙት። ረጅም ጊዜ ያዙት። ቅባት ቀቡት፤ በፋሻ ጠቀለሉት።

ከዚያ፣ «መስኮትህ ላይ ተቀመጥ» አሉኝ። «ቦታህ ባዶ ከሆነ እዚህ እንዳለች ያውቃል።»

ተቀመጥኩ። እስክሪብቶ ያዝኩ፤ የምጽፈው አልነበረም። ከፒያሳ በኩል የሰልፉ ከበሮ ይሰማል። ጫማ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከስክሱ ድምፅ መጣ። በጫማው እንደማውቀው ነግሬያችኋለሁ።

መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። «መጥታለች?»

ማን ብዬ ጠየቅሁ።

«አትቀልድ፣ ልጅ። የምትሄድበት ሌላ ቦታ የላትም።»

ዛሬ የመጣ በሽተኛ የለም አልኩት። ፋሻዬን ተመለከተ፤ ከፋሻው ወደ ፊቴ። «በቀኝህ ትጽፋለህ አይደል?» አለኝ። «እሱም ይቃጠላል።»

ያን ጊዜ ሲስተር ዘርፌ ከኋላዬ መጡ። ይቆጡታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ጓድ ኃይለየሱስ፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው» አሉት። «ከተኙ ስንት ቀንዎ ነው?»

ምን አገባሽ ብሎ ጮኸ። እሳቸው ድምፃቸውን አልቀየሩም። ወጥተው አግዳሚው ላይ እንዲቀመጥ ነገሩት፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ እጁን ሰጣቸው፤ የደም ሥሩን ይዘው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከእሱ እስከ ክትባት ክፍሉ በር አምስት እርምጃ አይሆንም።

«ከኦጋዴን ወዲህ» አለ ድንገት። ሲጀምረው ሌላ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። «ዓይኔን ስከድን...»

ሲስተር ዘርፌ ጠበቁት። አልጨረሰውም።

«ለእሱ መድኃኒት አለ፣ ሰውም አለ» አሉት። «ሐሙስ ይምጡ። ጠመንጃውን ግን ቤት ያስቀምጡ።»

ለጥቂት ጊዜ ሰው መሰለኝ። እንደ እኔ የሚፈራ ሰው። ከዚያ እጁን መንጭቆ ተነሣ። ወደ ክትባት ክፍሉ ሄደና የበሩን እጀታ ያዘ። «ይህስ?»

«ከትናንት ጀምሮ ማጅራት ገትር የተጠረጠረ በሽተኛ አስተኝቻለሁ» አሉ ሲስተር ዘርፌ። «መግባት ይችላሉ። ብቻ ከወጡ በኋላ ዐሥር ቀን ከሰው ተለይተው እዚሁ ይቆያሉ፤ ደንቡ ነው።»

እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ማዶ አልጋነሽ መኖሯን እኔ አውቃለሁ፤ ትንፋሿን ብትስብ ይሰማዋል። እጁን ከእጀታው ላይ አነሣና ሱሪው ላይ ጠረገው።

«እመለሳለሁ» አለ ለእኔ። ጫማው እስኪርቅ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

ሲስተር ዘርፌ ግድግዳውን ተደገፉ። ከአዲስ አበባ እንዳናስወጣት የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌው ደግሞ የእሱ ነው። እሳቸው አስቀድመው ያሰቡበት ቦታ ነበር። አምስት ኪሎ ቆንጅት የምትባል አስተማሪ አለች፤ በራቸውን ዘግተው የሚጸልዩ ሰዎች ወገን ናት፤ ሰው መደበቅ ያውቃሉ አሉ። አድራሻውን በቃላቸው ነገሩኝ እንጂ አልጻፉትም። እሳቸው ጣቢያውን ጥለው መውጣት አይችሉም። እኔ ሃያ እርምጃ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ አልጋነሽ ጀርባዬን እያየች ትከተለኛለች፤ ከተያዝኩ እኔን አልፋ ትሄዳለች፤ ከተያዘች እኔ አልዞርም። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሰልፉ ተበትኖ ሴቶች በቸርችል ጎዳና ሽቅብ መጉረፍ ጀመሩ። አልጋነሽ የሲስተር ዘርፌን ነጭ ነጠላና ጫማ አድርጋ ወጣች። ጫማው ይሰፋታል።

በወርቅ ቤቶቹ ፊት፣ በኬክ ቤቶቹ ፊት አለፍን። ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ ስደርስ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መታወቂያ ሲጠይቁ አየሁ። አልጋነሽ መታወቂያዋ ቤት ነው የቀረው። እኔን አስቆሙኝ፤ መታወቂያዬን ገልብጠው አዩ፤ እጅህ ምን ሆነ አሉ፤ ፍም ወድቆብኝ ነው አልኩ። ለቀቁኝ። ዞር እንዳልል አንገቴ ደረቀ። ድልድዩን ጨርሼ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና በክንዴ ሥር አየሁ።

አልጋነሽ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። አንዲት የማታውቃት ደክሟት የመጣች ባልቴት የተጠቀለለ መፈክር እንጨት አስይዛታለች፤ ልጄ ያዥልኝ ወገቤ ተቆረጠ ስትላት ሰማሁ። አብዮት ጥበቃዎቹ መፈክር የተሸከመች ሴት መታወቂያ አልጠየቁም። መንገድ ለቀቁላት።

አቀበቱን ወጣን። አምስት ኪሎ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ። እንደተነገረኝ አንኳኳሁ። መነጽር ያደረገች ሴት ከፍታ ስሜን ሳትጠይቅ ወደ ኋላዬ አየች። አልጋነሽ መፈክሩን ለባልቴቷ መልሳ ስትመጣ ቆየን። ደርሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አንተስ የት ትገባለህ?» አለችኝ።

«ቤቴ።»

«እሱ እያለ?»

«እናቴ እዚያ ናት» አልኩ።

ሌላ ልትል ፈለገች። ቆንጅት ክንዷን በቀስታ ይዛ አስገባቻት፤ ሰፊው ጫማ ደፉ ላይ ሊቀር ነበር፤ ጎንበስ ብላ አነሣችው። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ጠበቅሁ፤ ገባ፤ ደግሞ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

ከዚያ ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ። እናቴ ከረሂማና ከእትዬ አስካለ ቀድማ ከሰልፉ ተመልሳ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ልትሆን ትችላለች፤ እኔ እስክደርስ ከእሱ በቀር የሚያንኳኳባት ሰው የለም። አሁን ሮጥኩ።